13 ሰዓት የመልሱ ጉዞ እንጂ የመሄጃው አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣችሁ ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ረጃጅም የአየር ጉዞዎች ባወጣው ጽሑፍ፣ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ርቀት ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር፣ የበረራው ጊዜም 13 ሰዓት መሆኑን አንብቤአለሁ። ርቀቱ ትክክል ነው። 13 ሰዓት የሚለውም ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ለሚሄድ ሰው የሚሠራ አይደለም። ጽሑፉ ይህን ልዩነት ሳይናገር በማለፉ በቤተሰቤ ላይ ችግር ስለደረሰ፣ ሌሎች አንባቢዎችም በዚሁ ቁጥር ተመርተው እንዳይቸገሩ በማሰብ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በድሬዳዋ ከተማ በከዚራ ሰፈር የምኖር፣ ለረጅም ዓመታት ጂኦግራፊ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ታላቅ እህቴ የስኳር ሕመምተኛ ስትሆን ኢንሱሊን የምትወስደው ሰዓት ጠብቃ ነው። ባለፈው ክረምት በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ልጇን ለመጠየቅ ስትነሣ፣ ትኬቱን የቆረጠላት ሰው «13 ሰዓት ነው» አላት፤ እኔም የጋዜጣውን ገጽ አውጥቼ ይህንኑ አረጋገጥሁላት። መድኃኒቷን በበረዶ ከረጢት አድርገን፣ ምግቧንም ለዚያው ሰዓት ያህል አዘጋጅተን ሸኘናት። ከቤቷ የወጣችው ቀን 6 ሰዓት ላይ ነበር። ከድሬዳዋ ቦሌ ደረሰች፤ ቦሌ ላይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ቆየች፤ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት አንድ ቦታ አረፈ፤ በመጨረሻም ከልጇ ቤት ደጃፍ ስትደርስ ከቤቷ ከወጣች 29 ሰዓት ሆኗት ነበር። በረዶው ገና ውቅያኖሱን ሳትሻገር ቀልጧል። በስልክ ስታገኘኝ መጀመሪያ የተናገረችው «ወንድሜ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት አላልከኝም ነበር?» የሚል ነው። አርባ ዓመት ያህል ካርታ ይዤ ያስተማርሁ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ ማጣቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

መልሱን በሚገባ ለመስጠት መጀመሪያ ርቀት የሚባለው ነገር ራሱ አንድ ብቻ አለመሆኑን መናገር ይገባል። እኛ የምሥራቅ ሰዎች ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ድሬዳዋና ሐረር በቀጥታ ቢለኩ ከ43 ኪሎ ሜትር ብዙም አይራራቁም፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል የሚያልፈው የመኪና መንገድ ግን ወደ 55 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡርም በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ሐረርን ትቶ ከተራራው ሥር የቀረው፣ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ቦታ በሐዲድ ሲሄዱበት ቅርብ ስላልነበረ ነው፤ ከተማችንም የተወለደችው በዚሁ ምክንያት ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባም በአየር ቀጥታ መስመር 340 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመኪና መንገድ ግን ርቀቱ በተለምዶ 515 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጻፋል።

ሰዎች ይህን ካመኑ በኋላም «አውሮፕላን ግን ተራራ አያግደውም፤ ስለዚህ በቀጥታ ይሄዳል» ይላሉ። በቀጥታ መሄድ ማለት በሉል ላይ ምን ማለት እንደሆነ ግን በግድግዳ ካርታ ማየት አይቻልም። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የማሳየው በክር ነበር። በጠፍጣፋው ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ማስመሪያ ብናስቀምጥ፣ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አልፎ ከምዕራብ ሰሃራ ዳርቻ ወደ አትላንቲክ ይገባል። ክሩን በሉሉ ላይ ከከተማ ወደ ከተማ ወጥረን ብንይዘው ግን ፈጽሞ ሌላ አገር ያሳየናል፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በትክክል ወደ ሰሜን ምዕራብ በማቅናት በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ ሜድትራኒያንን ከተሻገረ በኋላ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ ያልፋል፤ አትላንቲክ መካከል ሲደርስ ወደ 45ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ተጠግቶ ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። በካርታ ላይ የተለጠጠ ደጋን የሚመስለው ይህ መስመር ነው አጭሩ፤ ርዝመቱም ወደ 11,550 ኪሎ ሜትር ነው። የኮምፓስ አቅጣጫን ሳይለውጡ አንድ ወጥ ይዞ መሄድ ግን ከዚህ በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጋዜጣው ያወጣው ርቀት በሉሉ ላይ የተለካው አጭሩ ርቀት ስለሆነ በዚህ በኩል ስሕተት የለበትም።

ከዚሁ ከክሩ ትምህርት ተማሪዎቼን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርማቸው አንድ ነገር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን የሚያደርገው በረራ ለበርካታ ዓመታት ነዳጅ ለመሙላት በአየርላንድ ደብሊን ያርፍ ነበር። ደብሊን ከ53ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በላይ ያለች በመሆኗ በግድግዳው ካርታ ላይ ከመንገድ የወጣች ሩቅ ከተማ ትመስላለች። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,360 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደብሊን ዋሽንግተን ደግሞ 5,460 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ከቀጥታው ርቀት የሚበልጡት በ300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ይህ በበረራ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን የሚያራዝመው የመንገዱ መጠምዘዝ ሳይሆን መውረዱ፣ ነዳጅ መሙላቱ፣ ወረፋ ጠብቆ እንደገና መነሣቱና ከፍታ መያዙ ነው።

ለምን ያርፋል? ከዋሽንግተን ሲመለስ ሳያርፍ የሚመጣው ይኸው አውሮፕላን፣ ሲሄድ ለምን ማረፍ ያስፈልገዋል? ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ አንደኛው ከእግራችን በታች ያለው መሬት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ ሞተሩ የሚሰጠው ግፊትም ክንፉ የሚያገኘው ማንሻ ኃይልም ያንሳል፤ አውሮፕላኑ በማኮብኮቢያው ላይ ይበልጥ መፍጠንና ይበልጥ መንደርደር ይኖርበታል። ማኮብኮቢያው 3,800 ሜትር ቢረዝምም፣ መንገደኛና ጭነት ሞልቶ ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ መነሣት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከነዳጁ የተወሰነውን ትቶ ይነሣና መንገድ ላይ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ግን ከባሕር ወለል ከፍታው 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጁን ይዞ ይነሣል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ባለ ቦታ መሆኑ ለረጅም በረራ ትልቅ ዋጋ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። በነገራችን ላይ ሙቀትም እንደ ከፍታ አየሩን ያሳሳዋል፤ የድሬዳዋው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ኤርፖርት ከቦሌ በግማሽ ዝቅ ቢልም፣ የግንቦትን ቀትር የሚያውቅ ሰው ሙቀቱ እዚያም አየሩን እንደሚያሳሳው ለመረዳት አይቸገርም።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው፤ ብዙ የሚባልበትም እሱ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን በመካከለኛው ኬክሮስ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል ጠንካራ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ የተለመደ ሲሆን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የብርድ ወራት ከ200 የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ትላልቆቹ አውሮፕላኖች በዙሪያቸው ካለው አየር አንጻር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ፤ አየሩ ራሱ ወደ ምሥራቅ እየሄደ ከሆነ ግን ያ ፍጥነት በመሬት ላይ ሲለካ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የአትላንቲክን 5,500 ኪሎ ሜትር ብቻ ወስደን፣ ነፋሱ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው ብለን እናስላ። ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውሮፕላን በመሬት ላይ ሲለካ በሰዓት 780 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ወደ ምሥራቅ የሚመጣው ደግሞ 1,020 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ በ5 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሻገራል። ርቀቱ አንድ፣ አውሮፕላኑ አንድ፣ ልዩነቱ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው። የከተማችን ነጋዴዎች ወደ ቻይና ሲሄዱና ሲመለሱ የሚያዩት የሰዓት ልዩነትም ከዚሁ ነፋስ የመጣ ነው፤ ለእነርሱ ግን ሲሄዱ ያግዛቸዋል፤ ሲመለሱ ያስቸግራቸዋል።

ይህን በተናገርሁ ቁጥር ከተማሪዎቼ መካከል አንዱ ተነሥቶ «መምህር፣ ምድር ወደ ምሥራቅ የምትዞር ከሆነ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄድ አውሮፕላን ከተማዋ ራሷ ወደ እሱ ስለምትመጣ ቶሎ መድረስ አልነበረበትም?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም ሲጠይቁት ሰምቻለሁ። አየሩ ግን ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፤ አውሮፕላኑም ገና ከመነሣቱ በፊት ከምድር ጋር እየዞረ ስለነበር ሲነሣ ይህ ፍጥነት አይለየውም። በሚሄድ ባቡር ውስጥ ብርቱካን ወደ ላይ ብንወረውር ተመልሶ ከእጃችን ላይ የሚወድቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በበረራው ሰዓት ላይ ለውጥ የሚያመጣው አየሩ ከምድር ተለይቶ በራሱ የሚሄደው ጉዞ፣ ማለትም ነፋሱ ነው።

ከነፋስና ከከፍታ በላይ ደግሞ የሰው ጠብ አለ። ክሩ በሉሉ ላይ ያሳየን አጭሩ መንገድ ያለፈው በሱዳንና በሊቢያ ላይ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነቱ ሲጀመር የአገሪቱ ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ፤ የሊቢያንም ሰማይ ብዙ አየር መንገዶች ከዚያ በፊት ጀምሮ ይሸሹት ነበር። የጦርነት ሰማይ ሲዘጋ፣ ከእኛ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው ሁሉ በቀይ ባሕር በኩል ወይም በሌላ ዙሪያ ለመሄድ ይገደዳል፤ ርቀቱም ሰዓቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። የዚህ ነገር ክብደት ከሁሉ ይበልጥ የታየው ሩስያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሰማይዋን ለአውሮፓ አየር መንገዶች በዘጋች ጊዜ ነው፤ ቀድሞ 9 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅ የነበረው ከሄልሲንኪ ቶኪዮ የሚደረግ በረራ ወደ 13 ሰዓት ደረሰ። ሁለቱ ከተሞች ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። ስለዚህ «በእነዚህ ከተሞች መካከል ያለው የበረራ ጊዜ ይህን ያህል ነው» ተብሎ የሚጻፍ ነገር ሁሉ የትኛው ዓመት እንደሆነ ሳይጠቀስ ሊታተም አይገባም ባይ ነኝ።

አሁን ደግሞ ከአንባቢው እጅ ወዳለው ትኬት ልመለስ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ፣ መድረሻ ሰዓቱ ደግሞ የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። በአሜሪካውያን የበጋ ወራት (የእኛ ክረምት በሚሆንበት ጊዜ) በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል የ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ ደግሞ የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። ለምሳሌ ያህል፣ በበጋቸው ከአዲስ አበባ 22:30 ተነሥቶ በማግሥቱ 8:00 ዋሽንግተን ይደርሳል የሚል ትኬት ብናይ፣ በመካከሉ ያለው 9 ሰዓት ተኩል ይመስለናል፤ 7 ሰዓቱን ስንጨምር ግን ጉዞው 16 ሰዓት ተኩል መሆኑን እናገኛለን። በተቃራኒው ከዋሽንግተን 11:00 ተነሥቶ በማግሥቱ 7:00 አዲስ አበባ ይደርሳል የሚለው ትኬት 20 ሰዓት ይመስላል፤ 7 ሲቀነስለት 13 ሆኖ ይገኛል። እኛ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ የራሳችን አቆጣጠር አለን። 22:30 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው፤ 7:00 ማለትም ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንጂ ቀን 7 ሰዓት አይደለም። ዘመዱን ለመቀበል ቦሌ ሄዶ ሰውየው ከገባ ስድስት ሰዓት አልፎት ያገኘ ሰው በድሬዳዋ አንድና ሁለት ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን በሰዓት ለሚወስድ ሰው ይህ ስሕተት ዘመድን ቦሌ ላይ በሰዓቱ ሳይቀበሉ ከመቅረት የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ስለ ጉዞው የሚመክረው መንገደኛው የነገረውን የሰዓት ቁጥር ይዞ ነውና።

በሰዓት ሰሌዳ ላይ የሚታተመው የበረራ ጊዜ አውሮፕላኑ በሰማይ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ብቻ አለመሆኑንም ልብ ማለት ይገባል፤ የሚቆጠረው ከቆመበት ቦታ ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ በመድረሻው ቦታውን ይዞ እስከሚቆምበት ደቂቃ ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ተብሎ ቢጻፍም በአየር ላይ የምንቆየው ወደ 40 ደቂቃ የሚጠጋ የሆነውም በዚህ የተነሣ ነው።

ስለ መለኪያውም አንድ ነገር ልጨምር። በአቪዬሽን ርቀት የሚለካው በኖቲካል ማይል ሲሆን አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመንገድ ላይ አሜሪካውያን የሚጠቀሙበት ማይል ግን 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ወደ 6,240 ኖቲካል ማይል ነው። ይህን የሚያገኝ ጸሐፊ የመንገድ ማይል መስሎት ቢመነዝረው ርቀቱን ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ አሳጥሮ ያወጣል። አዘጋጆች አንድ ቀላል ማረጋገጫም አላቸው፤ የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በሉሉ ላይ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚራራቁ ሁለት ከተሞች የሉም። ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ለኅትመት ሲቀርብ የተለካው የበረራው መስመር ነው ወይስ ቁጥሩ ተሳስቷል ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ብዙ ቦታ የሚፈጅ ነገር አይደለም። ስለ ሩቅ ከተሞች የበረራ ጊዜ ስትጽፉ የመሄጃውንና የመልሱን ለየብቻ አውጡ፤ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ይህንኑ ጥቀሱ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሰዓት ልዩነት በእኛም አቆጣጠር አስቀምጡ። ከክፍለ ሀገር የምንነሣ አንባቢዎች እንዳለንም አትርሱ፤ ለአንድ የድሬዳዋ፣ የጅማ ወይም የጎንደር ሰው ጉዞው የሚጀምረው ከቦሌ አይደለም፤ ቦሌ ላይ የሚጠብቀውም ሰዓት ከበረራው ሰዓት ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ትኬት ለሚቆርጡ ሰዎችም ቢሆን አዛውንት ወይም ሕመምተኛ መንገደኛ ፊታቸው ሲቀመጥ ከደጅ እስከ ደጅ ያለውን ሰዓት ማስላት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እህቴ በመጪው ወር ትመለሳለች። ከልጇ ቤት እስከ ኤርፖርቱ ያለውን፣ ሳያርፍ የሚመጣበትን 13 ሰዓት፣ ቦሌ የምትጠብቀውንና ወደ ድሬዳዋ የምትሳፈርበትን ሁሉ ደምሬ፣ 22 ሰዓት መሆኑን በወረቀት ጽፌ ለልጇ ልኬላታለሁ። የእያንዳንዱን መርፌ ሰዓት በሁለቱም አገር አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀምጬዋለሁ፤ የበረዶ ከረጢቱም ሁለት እንዲሆን ነግሬያታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር
ከዚራ፣ ድሬዳዋ